በሊትር ስንት ትሄዳለች

ሐምሌ 6

ይህ የልኬት ደብተር ነው። ከፊት የተጻፈው የተማሪዎች ወገብና የእጅጌ ርዝመት ነው፤ ከኋላ ያለው ባዶ ስለሆነ የራሴን እዚህ እጽፋለሁ። የልብስ ሰፊ ደብተር ገልብጦ የሚያነብ የለም።

መኪናዋ ከመጣች ዛሬ ሦስት ሳምንቷ ነው። አዲስ ናት፣ ወንበሯ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም፣ እማዬ በተቀመጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ዛሬ ከአጣጥ ሆስፒታል ስንመለስ እኔ ፊት ተቀምጬ ነበር። ከመሪው ፊት ያለው ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር በርቶ አየሁ፤ 7.8 ይላል። አጠገቡ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ኤልን አውቃታለሁ፣ ሊትር ናት። ኬ ኤምም ኪሎ ሜትር ነው። መሐላቸው መቶ የሚል ተሰንቅሯል፣ እሱ የፍጥነት ወሰን መሰለኝ።

አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰውዬ በሊትር አሥራ ስምንት ትሄዳለች ብሎኛል። ሁለቴ ጠይቄው ሁለቴም አሥራ ስምንት ነው ያለኝ። ታዲያ ሰባት ነጥብ ስምንት ከየት መጣ? አሥሩ ኪሎ ሜትር የት ገባ?

የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ካሳሁን ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስድስት ወሬ ነው፤ ከገበያው ወዲያ ነድቼ አላውቅም። እሱ የሃያ ዓመት ሹፌር ነው። በሆሳዕና መስመር ትልቅ አውቶቡስ ሲነዳ ናፍጣ ይሸጣል ተብሎ ነው ከሥራ የወጣው። ነገሩ አልተረጋገጠም። አልተረጋገጠም ማለት ግን

ተይ ፀሐይ፣ ተኚ።

ሐምሌ 9

ካሳን እንደ ዘበት አድርጌ በሊትር ስንት ትሄዳለች አልኩት። ስክሪኑን አየና ሰባት ምናምን አለ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ጭቃው ነው፣ ዳገቱ ነው፣ ሞተሩ እስኪላላ ነው አለኝ። አንድ ነገር ጠይቄው ሦስት ምክንያት ሰጠኝ። ደንበኛም እንደዚያ ነው፤ ልብሱ የጠበበው ስለወፈረ ከሆነ ምክንያቱ ይበዛል።

ሐምሌ 14

ሰልፍ። ማደያው ዛሬም ተሰልፎ ዋለ። ካሳ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ በሰባት ሰዓት ተመለሰ። ሃያ ሊትር ብቻ። ስድስት መቶ አርባ ዩኒፎርም አለብኝ፤ የተቆረጠው መቶ ዐሥር። ክር አልቋል። የእማዬ የእግሯ ቁስል አሁንም ያዣል።

አሥሩ የት ገባ?

ሐምሌ 20

ከጸሎት ቡድን ስንወጣ ለምሥራቅ አጫወትኳት። ምሥራቅ ጎረቤቴም የጸሎት ጓደኛዬም ናት፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ። ስለ መኪናዋ ብቻ ነው ያወራሁት፤ የካሳን ስም አላነሳሁም። እሷ ግን ወዲያው አነሳችው። እጄን ይዛ፣ "ፀሐይዬ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ በሰው አልፈርድም፤ ግን ቤንዚን በዚህ ዘመን በሃይላንድ እየተሸጠ፣ የለመደች ጦጣ..." ብላ ተወችው። ቀሪውን እኔ በሆዴ ጨረስኩት።

ወንድሜ ነው አልኳት። አልኳት ወይስ ልላት አስቤ ተውኩት? አሁን ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም።

የካቲት ላይ ሻንጣውን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ሌላው የፈለገውን ይበል፤ አንቺ ካመንሽኝ ይበቃኛል" ያለኝን ልጽፍ ፈልጌ ነበር የተቀመጥኩት። አምኜው የጓሮውን ክፍል ሰጠሁት። መኪናዋ ስትመጣም እኔ ራሴ ሳልነዳት ቁልፏን ሰጠሁት።

ሐምሌ 27

ባለፈው ሳምንት ካሳን ቆጥበህ ንዳ አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሺ እትዬ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አነዳዱ ሌላ ሆኗል። ቀስ ይላል፣ ፍሬን አይረግጥም፣ ኤሲ አይከፍትም። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ከርሞ የነበረውን የጣቃ ክምር አውርዶ ሱቅ አስገባው። ቁልቁለት ላይ እግሩን ነዳጅ ላይ ሳያሳርፍ ነው የሚወርደው። እማዬ እንደ ሠርግ መኪና ነዳን ብላ ሳቀች።

ቁጥሩ ስንት ሆነ? 6.6!

ቀንሷል። ቆጥብ ብዬው ጭራሽ ቀነሰ። እኔ ፊት ቀስ እያለ ነድቶ እኔ በሌለሁበት ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቅ።

ነሐሴ 4

እማዬን ሌሊት ትኩሳት ያዛት። ገና ሳይነጋ ተነስተን ካሳ መኪናዋን አበረራት፤ ጉብሬን መቼ እንዳለፍን አላየሁም። እግሯን አጥበው መድኃኒት ቀየሩላት፣ ጌታ ይመስገን አሁን ተኝታለች።

ያን ሁሉ ጭንቀት ተሸክሜ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። እናቴ ከኋላዬ እያቃሰተች እኔ ቁጥር አያለሁ፤ ያሳፍራል፣ ግን አየሁ። 8.9 ይላል።

ስለዚህ ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፣ እናቱን ነበር የሚያስበው፣ ቁጥሩም ወጣ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ነሐሴ 11

ሁለት መቶ ሰባ ተቆርጧል። ሰፍያ ባትኖር ኖሮ አንዱም አይቆረጥም ነበር። ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር ቆራጭ ሆና ስትሠራ አንድ ስንዝር ጨርቅ አባክና አታውቅም። ዛሬ ልብ የለሽም እትዬ ፀሐይ አለችኝ። ኪሱን በግራ በኩል ሁለቴ ሰፍቼዋለሁ።

ሌላ የገረመኝ ነገር። ነዳጅ ከቀዳን ዐሥር ቀን ሊሞላን ነው፤ መለኪያው አሁንም ከግማሽ በላይ ነው። ትናንት ካየሁት ዛሬ እንዲያውም ከፍ ያለ መሰለኝ። እሱም ተበላሸ? አዲስ መኪና ተብሎ!

ቁጥሩ 6.1።

ነሐሴ 15

አገኘሁት።

ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። ካሳ ለእማዬ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። የጓሮውን ክፍል ልጥረግ ብዬ ገባሁ። ልጥረግ ብዬ እንዳልገባሁ ራሴም አውቃለሁ፤ መጥረጊያውን የያዝኩት ለእጄ ነው። አልጋው ሥር፣ ከጫማው ኋላ፣ ቢጫ የአምስት ሊትር ጀሪካን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ። ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫዬ ላይ አለ፣ አሁንም፣ በሳሙና ሁለቴ ታጥቤም። ከጎኑ ጫፉ የተቆረጠ ሃይላንድ አለ፤ ማንቆርቆሪያ አድርጎታል። ቤንዚን የማይነካካ ሰው ይህን ምን ያደርግለታል?

እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን ሰጠኝና ምነው ፊትሽ አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ዓይኔን ሳይሆን መጥረጊያውን ነበር የሚያየው።

ካሳን እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አባታችን ሲሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሦስት። የመጀመሪያ ሱሪውን ከአባባ ካፖርት ላይ ቆርጬ በእጄ ነው የሰፋሁለት፤ አንዱ እግር ረዝሞ አንዱ አጥሮ፣ እንደዚያ እያለ ዓመት ሙሉ ለበሰው። አንድ ቀን እንኳ አጠረ አላለኝም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ነሐሴ 19

ዛሬ ተናገርኩ።

ከአጣጥ መልስ ነበር። እማዬን አስገብተን ካሳ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። 5.5። ከገዛናት ጀምሮ እንደዚህ ወርዶ አያውቅም። ደሜ ፈላ። ሱቅ ውስጥ ጠራሁት። ሰፍያ መቀሷን አስቀምጣ ወጣች።

"አሥራ ስምንት የተባለች መኪና አምስት ተኩል ገባች። ቀሪውን ማን ወሰደው?" አልኩት።

መሬት መሬቱን ያያል። ጀሪካኑንም እንዳየሁት ነገርኩት። ያን ጊዜ ቀና አለ።

"ከፈትሽው?"

"ከፈትኩት።"

"እንግዲያው ሽታውን አምነሻል፤ እኔ ምን እጨምራለሁ" አለና ቁልፉን መኪናዬ ላይ፣ የስፌቷን ማለቴ ነው፣ መርፌው አጠገብ አስቀመጠ። ሲያስቀምጠው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሻንጣው የካቲት ላይ ይዞት የመጣው ያው ሻንጣ ነው። ለእማዬ ሥራ አገኘሁ ቡታጅራ እሄዳለሁ ብሏታል። ግንባሯን ስሟት ወጣ።

ክስ አልከፈትኩበት፣ ለሰው አላወራሁበት። ከዚህ በላይ እህት ምን ታድርግ?

ነሐሴ 23

እማዬን በባጃጅ ወሰድኳት። መንገዱ አንገጫግጮ ቁስሏ ደማ። ምሥራቅ ደህና አደረግሽ አለችኝ። ደስ አላለኝም።

አራት መቶ አሥር።

ጳጉሜ 2

ራሴ መንዳት ጀመርኩ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ። አንዴ ነዳጅ አንዴ ፍሬን፣ አንዴ ነዳጅ አንዴ ፍሬን፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። ኤሲውን ሳልከፍት ላብ ያጠምቀኛል፣ ስለዚህ ከፍቼው ነው የምሄደው።

ግን ቁጥሩ! 9.3!

እኔ፣ ትናንት መሪ የጨበጥኩ ሴት፣ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። እሱ የሃያ ዓመት ሹፌር አምስት ተኩል። ለእማዬ ነገርኳት። "አሁን አመንሽ?" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዞረች፣ "መስቀል ደረሰ። ልጆቼ ከአንድ ጣባ ካልበሉ እኔ ክትፎ አልቀምስም" አለች። በእኛ አገር የተኳረፈ ሳይታረቅ መስቀል አይበላም፤ ጴንጤ ብንሆንም ይህንን አልተውነውም። የሚታረቀው ግን ጥፋተኛው ሲመጣ ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ቡታጅራ ነው።

ጳጉሜ 4

ሰኞ የቀዳሁት ነዳጅ አልቆ ዛሬ የማለቂያው መብራት በራ። አራት ቀን! ቁጥሩ ዘጠኝ ሆኖ ነዳጁ በአራት ቀን ማለቁ እንዴት ነው? ግቢ ውስጥ ሌላ ሌባ ይኖር ይሆን? ቆጣሪው ይሆን? ዕዳዬ ይህ ሆነ፣ ሁሉን መጠርጠር።

መስከረም 5

ዩኒፎርሙ አለቀ። ስድስት መቶ አርባውም።

የግል ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ራምዚ ሊረከብ መጣ። የእኔን የመሰለች መኪና አለው፤ ቀለሟ ብቻ ነው የሚለየው። ሰፍያ ጥቅሎቹን እየቆጠረች እያለ እንደ ወሬ አድርጌ ያንተ በሊትር ስንት ትሄዳለች አልኩት። አሥራ አምስት አሥራ ስድስት አለ። እንዳይቀድመኝ ብዬ እኔ ዘጠኝ ደርሻለሁ፣ ሹፌር የነበረው ግን አምስት ተኩል ላይ አድርሷት ነበር አልኩት።

ራምዚ ሳቀ። ከዚያ የእኔን ፊት አይቶ ሳቁን ተወው። ያ ቁጥር በሊትር የሚኬደው አይደለም አለኝ። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ሊትር ነው፣ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲያንስ ነው ጥሩ፣ መቶን ለእሱ አካፍዪው። በጣቱ አየር ላይ ጻፈልኝ። ቃላቱን ሁሉ ሰማኋቸው፣ አንዳቸውም አልገቡም። መቶው የፍጥነት ወሰን አይደለም እንዴ እላለሁ።

ሰፍያ ከጥቅሉ ቀና አለችና፣ "እትዬ፣ እንደ ጨርቁ ነዋ። አንቺ ለነጋዴው ይህ ሱሪ ስንት ሜትር ይበላል ትይ የለም? ስንት ትሄዳለች ሳይሆን ስንት ትበላለች ነው የሚለው" አለች።

ትበላለች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንድ ሱሪ ስንት ይበላል፣ ቀሚሱ ስንት ይበላል፣ ትንሽ የሚበላውን ቆራጭ ስመርቅ፣ ብዙ የሚበላውን ሳባርር። ሰፍያን እንኳ የቀጠርኳት አንድ ሜትር ከሃያ በሚበላው ላይ አንድ ሜትር ከአሥር ስላወጣችው ነው። ሜትር ከአንገቴ ወርዶ የማያውቅ ሰው ነኝ እኮ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በዚያው ቀን፣ ማታ

የሱቁን ካልኩሌተር ወደ አልጋዬ አምጥቼዋለሁ።

ሐምሌ 6፣ 7.8፦ በሊትር አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።
ቆጥብ ያልኩት ጊዜ፣ 6.6፦ አሥራ አምስት።
እማዬን ይዞ የበረረበት ቀን፣ 8.9፦ አሥራ አንድ።
6.1፦ አሥራ ስድስት።
ያባረርኩት ቀን፣ 5.5፦ አሥራ ስምንት።

አሥራ ስምንት። ሰውዬው ያለው አሥራ ስምንት። ጭቃውን ችሎ፣ ዳገቱን ችሎ፣ በሞቀው አየር ኤሲ ዘግቶ፣ አሥራ ስምንት አስገባልኝ፤ በዚያው ሰዓት ሌባ አልኩት።

እኔ የተኩራራሁበት 9.3 አሥር ነጥብ ሰባት ነው። በአራት ቀን ነዳጅ የጨረሰው ሌባ እኔው ነኝ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ጠምጥሜ ጨርሼ ነው የተማርኩት። ጀሪካኑ ግን? ጀሪካኑ ምን ነበር? ጌታ ሆይ፣ አሁንም ጀሪካኑን እያሰብኩ ነው፤ አሁንም አንድ ጥፋት ቢገኝበት የሚቀለኝ መስሎኝ።

መስከረም 9

ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። ምሥራቅን መንገድ ላይ አገኘኋትና ተሳስቼ ነበር አልኳት። እኔ እኮ በሰው አልፈርድም ብዬሽ ነበር አለችኝ።

መስከረም 13

ቡታጅራ ሄጄ ነበር። በመኪናዋ አልሄድኩም፤ በእሷ ሄጄ ፊቱ ማቆም አልቻልኩም። በሕዝብ ትራንስፖርት ተሳፍሬ ከምሳ በኋላ ደረስኩ።

መናኸሪያው ውስጥ የጓደኛውን ሚኒባስ ሲያጥብ አገኘሁት። የእንሴኖ መስመር ነው የሚሠራው። አየኝና ባልዲውን አስቀመጠ፣ ከተቀመጠችበት አንድ ሴት አስነስቶ በርጩማ አመጣልኝ። እማዬ ደህና ናት ወይ አለ፣ ከሁሉ በፊት። ደህና ናት አልኩት። ቀጥሎ የምለውን መንገድ ሙሉ ሳጠናው መጥቼ ነበር፤ ጠፋኝ። ካልኩሌተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሰፍያ እንዳለችው ነገርኩት። ትበላለች እንጂ ትሄዳለች አይደለም አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት።

እርጥብ ጨርቁን ጨምቆ ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀለው።

"እኔም እንደ አንቺ ነበር የማነበው" አለ። "የምነዳው አሮጌ አውቶቡስ ነበር፣ ስክሪን የለው፣ ቁጥር የለው። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር እኔም ደነገጥኩ። ሰዉ ናፍጣ ሸጠ ያለኝ ጊዜ ቢያንስ እንዳልሸጥኩ አውቅ ነበር። ይህችን ግን እኔ ነኝ የምነዳት፣ ሌላ ማንም አይነካት፣ እና ይጎድላል። እጄ ላይ የሆነ ነገር አለ ብዬ አመንኩ።"

"ጀሪካኑስ?" አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ጠየቅኩ።

"በራሴ ገንዘብ ገዝቼ መኪናዋ ላይ እጨምር ነበር። ማታ ማታ፣ አንቺ ስትተኚ። ቁጥሩ ከፍ ይል እንደሆን ብዬ።"

መለኪያው ከግማሽ አልወርድ ያለው ትዝ አለኝ። ተበላሸ ብዬ የጻፍኩት።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ሌባ ከሰረቀው ላይ መልሶ ጨመረ ሲባል ማን አምኖ ያውቃል አለኝ። ከዚያ፣ "የመጨረሻው ቀን ስንት ነበር?" አለ።

"አምስት ነጥብ አምስት።"

ካልኩሌተሩን አልነካም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በአእምሮው አሰበው። "አሥራ ስምንት" አለ። ፈገግ ሊል ሲሞክር አየሁት። "እንግዲያው ሰውዬው አልዋሸሽም።"

ያኔ ነው ለቅሶ ያመለጠኝ። አንድ ቀን ብቻ ያገኘሁትን ነጋዴ አንድም ሌሊት አልጠረጠርኩትም። አሥራ ስምንት አለ፣ አሥራ ስምንት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ደብተር ላይ ስጽፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሰውዬው ዋሽቶ ይሆናል ብዬ አልጻፍኩም፤ አሁን ገልብጬ አየሁ፣ የለም። ያሳደግኩትን ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን።

መስከረም 18

መጣ። የመስቀል ዋዜማ በሚኒባስ መጥቶ አስፋልቱ ላይ ወረደ፣ የሚታረደውን በሬ አብሮን ጎተተ። ከአንድ ጣባ በላን። እማዬ ክትፎውን በእጇ እየጠቀለለች አንዴ ለእሱ አንዴ ለእኔ አጎረሰችን፣ የምንቀማማ ይመስል እያፈራረቀች። እግሯ እየደረቀ ነው። ደስታዋን ሳየው ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም የተሰፋ መሰለኝ።

ዛሬ ሊመለስ ሲል መናኸሪያ ላድርስህ አልኩት። እሺ አለና ከጎኔ ተቀመጠ። ነዳጁን በድንገት አትርገጪው፣ ታግሠሽ ልቀቂያት አለኝ፤ በእርጋታ፣ እንደ አስተማሪ። 6.8 አደረስኳት።

ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ዘረጋሁለት። የጓሮው ክፍል እንደነበረ ነው አልኩት፤ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ።

"ማክሰኞና አርብ እማዬን እኔ አመላልሳታለሁ" አለ። "ጠዋት መጥቼ ማታ እመለሳለሁ።"

"ቁልፉንስ?"

"አንቺ ጋ ይሁን እትዬ። ስመጣ ትሰጪኛለሽ፣ ስሄድ እሰጥሻለሁ።"

ጉንጬን ሳመኝና ወረደ። ሚኒባሱ እስኪወጣ ድረስ ቁልፉ መዳፌ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።